እግርዎን ያሳዩኝ

ሲስተር ከድጃ መሞቷን የሰማሁት ከተቀበረች በኋላ ነው። ከኪዳን ጸሎት ወጥቼ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ባጃጅ ስጠብቅ፣ ሁልጊዜ የሚያመላልሰኝ መሐመድ ገና ሳልሳፈር «የኔታ፣ ሲስተር ከድጃኮ ወደ አኼራ ሄደች። ትናንት ከዙሁር በኋላ ቀበርናት» አለኝ። የእነርሱ ሥርዓት ቀብር አያዘገይም፤ የእኔ ጉልበት ደግሞ መዘግየት ከጀመረ ሰንብቷል። ሰው እስኪነግረኝ፣ እኔም እስክነሣ፣ ሁሉ ነገር አልቆ ይጠብቀኛል።

ዕድሜዬን በፍትሐት ላይ ቆሜ ያሳለፍሁ ሰው ነኝና፣ ሞት ሲነገረኝ አፌ ሳላዘው ዜማውን ይጀምራል። ያን ዕለት ግን ጀመረና ቆመ። ለእርሷ የማነሣው የትኛው እንደ ሆነ አላወቅሁም። መሐመድም እስከ ቤቴ ድረስ አደረሰኝ። ሸዋ ሮቢት ገና በጠዋቱ ግላ ነበር፤ ሙቀቱ ከአስፋልቱ እየተነሣ ፊት ይጠብሳል።

ከድጃ የጤና ጣቢያችን ነርስ ነበረች። አጠር ያለች፣ እጆቿ ሰፋፊ፣ መነጽሯን በክር አሥራ ደረቷ ላይ የምታንጠለጥል፣ ስትራመድ የማትቸኩል ሴት ነበረች። ሰው ወደ ክፍሏ ሲገባ አስቀድማ የምታየው ፊቱን ሳይሆን እግሩን ነው። ይህ ልማዷ በገበያም በልቅሶ ቤትም አይለቃትም ነበር። ሽንኩርት ሊገዛ የወጣውን ሰው «ሰላም ነህ አባት? ተረከዝህ ተሰንጥቋል፤ ቅባት ቀባው» ብላው ታልፋለች። አንዳንዱ ይሥቃል፤ አንዳንዱ እግሩን ይደብቃል። የከተማው ወጣቶች «ከድጃ መጣች፣ ካልሲ አድርግ» እየተባባሉ ይቀልዱባት እንደ ነበር እርሷም ታውቃለች። «ይቀልዱ፤ የቀለደ ሰው ሲያመው መንገዱ አይጠፋውም» ትል ነበር።

የተወለደችው በአጣዬ በኩል ከሚኖሩ የቆላ ገበሬዎች ነው። ግጭት በተነሣበት በዚያ ክፉ ጊዜ የአባቷ ቤት ተቃጠለ። በማግሥቱ ወደ ጤና ጣቢያው ለመድኃኒት ሄጄ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። «ምነው ልጄ፣ ዛሬ እንኳ ብታርፊ?» አልኋት። «የኔታ፣ ቤቴ ቁጭ ብዬ ብተክዝ ያ ቤት አይሠራ። እዚህ ቢያንስ አንድ ቁስል እጠርጋለሁ» አለችኝ። ዓይኖቿ ቀልተው ነበር። ከዚያም መድኃኒቴን ሰጠችኝ።

መጀመሪያ የተዋወቅነው በእኔ በራሴ ሕመም ምክንያት ነው። በአገራችን በብሽሽት ላይ የሚወጣውን እባጭ ንፍፊት እንለዋለን። ንፍፊት የወጣበት ሰው የሚያደርገው ከሦስቱ አንዱን ነው። ወይ ወጌሻ ዘንድ ሄዶ ይታሻል፣ ወይ በጋለ ብረት ያስተኩሳል፣ ወይም ይደብቀዋል። የሚደብቀው ይበዛል፤ በዚያ ሥፍራ የወጣ እባጭ ከዝሙት የመጣ ነው የሚል ሐሜት ከጥንት ጀምሮ በሕዝቡ ዘንድ አለና። እኔም በመጀመሪያ ወጌሻውን ሞክሬ፣ እርሱ ባሸኝ ቁጥር ትኩሳቱ ሲብስብኝ፣ ጋቢዬን ተከናንቤ ወደ ጤና ጣቢያው ሄድሁ።

«ምንዎን ነው የሚያምዎት የኔታ?»

«ትኩሳት ነው።»

«ትኩሳት ብቻ?»

ጋቢዬን ሰበሰብሁ። ለአንዲት ሴት፣ ያውም በዕድሜ ልጄ ለምትሆን፣ ምን ብዬ ልንገራት?

«መልካም። እግርዎን ያሳዩኝ» አለች።

«እግሬንማ አላመመኝም።»

«አውቃለሁ። ያመመውን አፍሮ የማይነግረኝን ሰው አስቀድሜ እግሩን አያለሁ።»

የላስቲክ ሳፋ በውሃ ሞልታ አመጣችና ከፊቴ ተንበርክካ እግሬን አጠበችው። የእኔን እግር ከእናቴ በቀር ሴት አጥቦት አያውቅም። ከትንሿ ጣቴ ሥር የተሰበረ የግራር እሾህ አግኝታ በወረንጦ አወጣችው፤ መግሉም ተከትሎ ወጣ። ከዚያ ተነሥታ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«አሁን አላይዎትም። እጅዎን በጋቢዎ ውስጥ ያስገቡና ብሽሽትዎን ይዳስሱ። ማሾ ነው ባቄላ?»

«ምኑ?»

«የሚዳስሱት ፍሬ ነዋ። ማሾ ያህላል ወይስ ባቄላ?»

«ባቄላም ይበልጣል።»

«ያምማል?»

«እጅግ።»

«ሲነኩት ሸርተት ይላል ወይስ ተቸክሏል?»

«ሸርተት ይላል።»

«አልሐምዱሊላህ! ጠባቂዎ ሥራውን እየሠራ ነው። ወጌሻ ነክቶታል እንዴ?»

«ጥቂት አሽቶታል።»

«ከእንግዲህ እንዳይደርስበት። ውሻ ሌባ አይቶ ሲጮኽ ውሻውን ይደበድቡታል?»

የሕክምናዋ ሥርዓት ይህ ነበር። አታስወልቅም፣ አታሳፍርም። ታማሚው የገዛ ሰውነቱን በገዛ እጁ ዳስሶ እንዲነግራት ታደርጋለች። እርሷ ራሷ ማየት ግድ የሚሆንባት ጊዜ መጋረጃ ጋርዳ፣ ወንድ ከሆነ ወንድ ነርስ አቁማ ታየዋለች። ነገር ግን ከብሽሽቱ በፊት እግር ይታጠባል። ይህን ሥርዓት ስታፈርስ አላየሁም።

እሾሁ ወጥቶ፣ መድኃኒቱም ሠርቶ ከዳንሁ በኋላ ነገሩን እንድታስረዳኝ ጠየቅኋት። የማስተማር ሰው ስለ ሆንሁ ያልገባኝ ነገር እንቅልፍ ይነሣኛል። እርሷም ወደ መስኮቱ ወሰደችኝና ከሮቢ ወንዝ ተጠልፎ ወደ ሽንኩርቱ ማሳ የሚወርደውን የመስኖ ቦይ አሳየችኝ።

«በሥጋችን ውስጥ ከደሙ ሌላ የሚሄድ ቀጭን ውሃ አለ። ከእግር ጣት ጀምሮ በዓይን በማይታይ ቦይ እየተሰበሰበ ወደ ላይ ይወጣል። በመንገዱ ላይ ጠባቂዎች አሉ፤ ትንንሽ ዕጢዎች፣ ቅርጻቸው እንደ ፍሬ ነው። በደህና ጊዜ ማሾ ያህላሉ፤ በቀጭን ሰው ላይ በእጅ ይገኛሉ፤ ክፋት የላቸውም። ውሃው ቆሻሻ ይዞ ሲመጣ ያስቀሩታል፣ ይዋጉታል፣ ሲዋጉም ያብጣሉ። ያን ጊዜ ባቄላ ሆኑ ማለት ነው።»

«ታዲያ ለምን በብሽሽት ላይ ተሰበሰቡ?»

«እግር ከአካል የሚገናኝበት በር እርሱ አይደል? በበሩም ላይ ቢሆን ሁለት ረድፍ ናቸው። አንዱ ረድፍ በሆድና በጭን መካከል ካለው እጥፋት ሥር አግድም ተኝቷል። ከእምብርት በታች ካለው የሆድ ቆዳ፣ ከመቀመጫ፣ ከሐፍረተ ሥጋም የሚመጣው ወደ እርሱ ይገባል። ሁለተኛው ረድፍ ከእርሱ ዝቅ ብሎ፣ በጭን ውስጥ በኩል የሚወጣውን ትልቅ ደም ሥር ተከትሎ ቁልቁል ወርዷል። የእግር ውሃ በብዛት የሚመጣው ወደዚህኛው ነው። ከሁለቱም በስተ ውስጥ ጥቂት ጥልቅ የተቀመጡ አሉ፤ እነዚያ ውጭ ያሉት ያሳለፉትን ተቀብለው ወደ ሆድ ውስጥ ይሰዱታል።»

«እንደ ቤተ መቅደሳችን ነው እንግዲህ» አልሁ። «ቅኔ ማሕሌት፣ ቅድስት፣ መቅደስ።»

«እርስዎ ሁሉን ወደ ቤተ ክርስቲያን ይጎትቱታል! እኔ የማውቀው ቦይ ነው» ብላ ሣቀች። ቀጥላም «ቦይ ግን አንዳንዴ መንገዱን ይስታል። የት እንዳበጠ አይቼ ከየት እንደ መጣ እገምታለሁ፤ ዓይኔ ምንጩን ሳያገኝ ግን አልምልም» አለችኝ።

ለገበሬዎቹ በአንድ ቃል ታስቀምጠው ነበር። «ማሾ ከሆነ ወደ ሥራህ ሂድ። ባቄላ ከሆነ እግርህን አሳየኝ። ድንጋይ ከሆነና ካላመመህ ግን ዛሬውኑ መኪና ፈልግ።» ሰዎች የሚዘነጉት የመጨረሻዋን ነበር፤ ሕመም የሌለው ነገር ማንን ያስቸኩላል?

ቄስ አስራት ተማሪዬ ነበር። ከልጅነቱ ጀምሮ ዜማ ያስተማርሁት፣ ኋላም በአንድ ደብር አብሮኝ ያገለገለ ሰው ነው። ድምፁ ቀጭን ሆኖ ጽኑ ነበር፤ ሲቀድስ ሕዝቡ ሳሉን እንኳ ይይዛል። ባለቤቱ ስንዱ የከተማው ሰው ሁሉ የሚወዳት፣ ረጅምና ዝምተኛ ሴት ናት። አንድ ዓመት በጸሎተ ሐሙስ እንደ ሥርዓቱ የደብሩ አለቃ የካህናቱን እግር ሲያጥቡ እኔ ማበሻውን ይዤ ቆሜ ነበር። ካህን በቤተ መቅደስ ባዶ እግሩን ይቆማል፤ ስለዚህ የሁላችንንም እግር ሰው ሁሉ ያያል። ውስጥ እግራችንን ግን የሚያይ የለም። ያን ቀን አለቃው የአስራትን ቀኝ እግር ከፍ ሲያደርጉት ከአውራ ጣቱ ሥር፣ በሚረገጠው ሥጋ ላይ፣ አንድ ጥቁር ነገር አየሁ። በብራና ላይ እንደ ፈሰሰ ቀለም ዳር ዳሩ የተዝረከረከ ነበር።

ሥርዓቱ ሲያበቃ ከዋርካው ሥር ጠራሁት።

«አስራት፣ እግርህ ላይ ያለው ጥቁር ምንድን ነው?»

«የእሾህ ጠባሳ ነው የኔታ። ውስጡ ቀርቶብኛል መሰለኝ። ስንዱ በወረንጦ ብትፈልገው ብትፈልገው አጣችው።»

«ከመቼ ወዲህ?»

«እንጃ። ከማሾ አጨዳው በፊት ሳይሆን አይቀርም።»

በቆላው የሚኖር ሰው በእግሩ ላይ ያየውን ጥቁር ሁሉ እሾህ ነው ይላል። ወረንጦ የሌለው ቤት የለም፤ በወረንጦ የማይቆፈር እግርም የለም። እኔ ራሴ ከድጃን ባላውቅ ኖሮ «እግዜር ይማርህ» ብዬ አልፈው ነበር። እርሷ ያለችኝ ትዝ ብሎኝ ግን «ብሽሽትህስ?» አልሁት።

ፊቱ ተለወጠ። «ማን ነገረዎት?»

ከዚያ ወዲያ ሁሉን ነገረኝ። እባጩ ከወጣ ሰንብቷል። ለስንዱም ሳይነግር ወደ ሩቅ ገበያ ወርዶ ተኳሽ ዘንድ ሄዷል። ተኳሹ በጋለ ብረት ተኩሶት ብሩን ተቀበለና፣ በጠጅ ቤት ተቀምጦ «የሮቢቱን ቄስ ብሽሽት ተኮስሁ» ብሎ አወራ። ወሬው ከአስራት ቀድሞ ከተማ ገባ። ይህ በሌላ ሰው ላይ ቢደርስ ሐሜት ሆኖ ያልፋል። በካህን ላይ ግን እንዲህ አይደለም። ካህን የአንዲት ሚስት ባል ነው፤ ወደ ሌላ ሄዶ ከተገኘ ክህነቱ ይፈርሳል። ዳግመኛ መቅደስ አይገባም፣ መስቀል አያሳልምም። አስራት ክህነቱን ቢያጣ የሚቀረው ነገር አልነበረም፤ ከዚህ ሌላ ሥራ አያውቅም፣ ከዚህ ሌላ ደስታም አልነበረው።

«የኔታ፣ ስንዱን ከአገባሁ ወዲህ ሌላ ሴት አላወቅሁም። በያዝሁት መስቀል!» አለኝ።

«አምንሃለሁ።»

«ታዲያ ይህ ነገር ከየት መጣብኝ? እኔ ራሴን መጠርጠር ጀምሬአለሁኮ። ረስቼው ይሆን እላለሁ። ሰው ኃጢአቱን ይረሳል?»

በበዓሉ ማግሥት እጁን ይዤ ወደ ጤና ጣቢያው ወሰድሁት። በሩ ላይ ሲደርስ ቆመ። «ሴት ናት፤ ሙስሊምም ናት። ልብሴን ከምገልጥ ብሞት ይሻለኛል» አለ። ከድጃ በተከፈተው በር ሰማችው።

«ቄስ፣ ልብስዎን ማን ፈለገው? እግርዎን ያሳዩኝ።»

ሳፋውን አቅርባ ማጠብ ጀመረች። የቀኝ እግሩን ገልብጣ ስታይ እጇ ቀጥ አለ። መነጽሯን አድርጋ እንደገና አየችው። ብዙ ጊዜ እግር ስታጥብ ትቀልዳለች፤ ያን ቀን አልቀለደችም። ከጉልበቱ ኋላ ያለውን ጉድጓድ በጣቶቿ ዳሰሰች፤ በዚያም ትንሽ የጠባቂ ጣቢያ እንዳለ ኋላ ነገረችኝ። ከዚያ እንደ ልማዷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«ማሾ ነው ባቄላ?»

«ድንጋይ ነው» አለ አስራት።

«ያምማል?»

«አያምምም። ያመመኝ ሲተኮስ ብቻ ነው።»

«ይንቀሳቀሳል?»

«የለም። ተተክሏል።»

«የት ላይ ነው? እጥፋቱ ላይ ተጋድሟል ወይስ ወደ ጭንዎ ዝቅ ብሏል?»

«ዝቅ ብሏል። ጭኔ ላይ ነው ማለት ይቻላል።»

እርሷ መልስ ሳትሰጥ አስራት በቀጭን ድምፅ «ሲስተር፣ እውነቱን ንገሪኝ። ይህ በሽታ ከዝሙት የሚመጣ ነው?» አላት።

ከድጃ ዞረች። «ቄስ፣ በደንብ ይስሙኝ። ይህ የታችኛው ረድፍ ነው። ወደዚህ የሚመጣው ውሃ የእግር ውሃ ነው። ምንጩን ደግሞ አሁን በዓይኔ አይቼዋለሁ፤ ከአውራ ጣትዎ ሥር ነው። ያ ጥቁር እሾህ አይደለም። የቆዳ ካንሰር ይመስለኛል፤ እዚያ ተወልዶ ወደ ብሽሽትዎ የወጣ። የመጨረሻውን ቃል እኔ አልናገርም፤ ሆስፒታል ናሙና ወስዶ ይናገራል። ክፉ በሽታ ነው። ኃጢአት ግን አይደለም።»

አስራት ጋቢውን ወደ ፊቱ ሳበ። ያለቀሰ መስሎኝ ትከሻውን ያዝሁት፤ እርሱ ግን እየሣቀ ነበር። «ተመስገን፣ ተመስገን» ይላል። ክፉ ወሬ ተነግሮት እንዲያ ደስ ያለውን ሰው ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም። ከድጃ ፊቱን አይታ ወደ እኔ ተመለከተች፤ ከዚያ ሳፋውን አንሥታ ውሃውን ልትደፋ ወጣች። ቶሎም አልተመለሰች።

ፈቃድ ጠይቃ ወደ ደብረ ብርሃን አብራን ሄደች። ደብረ ሲና ስንደርስ ብርዱ ስለያዘን ቆሎ ገዝታ አካፈለችን። መኪናው በጣርማ በር ዋሻ ሲገባ ሁሉ ነገር ጨለመ፤ አስራትም በጨለማው ውስጥ «ሲስተር፣ ይህስ ስንተኛው ረድፍ ነው?» አላት። «ይህ ጥልቁ ነው ቄስ። እዚህ ላይ ማንም ማንንም አያይም፤ ዝም ብሎ ማለፍ ነው» አለችው። የዋሻው ማዶ ጉም ነበር።

ከደብረ ብርሃን ወደ አዲስ አበባ ላኩን። መንገዱ በጸጥታ ምክንያት ሲዘጋ ቀጠሮው አለፈ፤ ሲከፈት አልጋ ጠፋ። እንዲህ እንዲህ እያለ ክረምቱ ገባ። በመጨረሻ አውራ ጣቱንና ከሥሩ ያለውን ሥጋ ቆረጡለት፤ የብሽሽቱንም ዕጢዎች አወጡ። ናሙናውም እርሷ እንዳለችው ሆነ። ሐኪሞቹ ጠባቂዎቹ ስለ ወጡ ውሃው መሄጃ እንደሚያጣና እግሩ እንደሚያብጥ፣ በሽታውም ምናልባት ከበሩ አልፎ እንደ ሆነ ነገሩን። ለአስራት በአማርኛ፣ ሳታሳንስም ሳታበዛም የደገመችለት ከድጃ ናት።

«ቅዳሴ መቆም እችላለሁ?» አላት።

«ቅዳሴው ስንት ሰዓት ይፈጃል?»

ሲነግራት ራሷን ነቀነቀች። «እኔ ያን ያህል ቆሜ አላውቅም» አለች። ከዚያ ግን እግሩን ከጣቶቹ ጀምራ ወደ ላይ በፋሻ እየጠመጠመች ለስንዱ አሳየቻት። ከታች ጠበቅ፣ ወደ ላይ ላላ፤ ውሃውን ወደ በሩ እንደ መንዳት ነው። ከዚያ ወዲህ ስንዱ በየእሑዱ ጠዋት እየጠመጠመችለት ቆመ።

ቢቆምም ሕዝቡ ተለየው። «ብሽሽቱን ተቀደደ» የሚለው ወሬ ከመጀመሪያው ይልቅ ከፋ። የንስሐ ልጆቹ አንድ በአንድ ወደ ሌላ ካህን ዞሩ። መስቀሉን ሲያወጣ ራሳቸውን ዘንበል አድርገው ሳይሳለሙ የሚያልፉ ነበሩ። ከአለቃው ዘንድም ነገሩ ይጣራ የሚል ቃል መጣ። በዚህ ጊዜ ተናድጄ ወደ ከድጃ ሄድሁ።

«ልጄ፣ አንቺ ብትናገሪ ያምኑሻል። ውጪና ለሕዝቡ ንገሪያቸው።»

«ምኑን?»

«የቄስ አስራትን በሽታ ነዋ!»

«የቱ ቄስ አስራት?» አለችኝ፤ ፊቷ ላይ ምንም አይነበብም።

«በእኔ ላይ ትቀልጃለሽ?»

«አልቀለድሁም የኔታ። የሚጠይቀኝን ሰው ሁሉ የምመልሰው ይህንኑ ነው። ሰው ለእርስዎ ንስሐ ቢገባ፣ እኔም መጥቼ ለእርሱ ይጠቅመዋልና ይንገሩኝ ብልዎት ይነግሩኛል?»

ራሴን ነቀነቅሁ። እርሷም ደክሟት ነበር፤ የዚያን ቀን በረንዳው ሙሉ የወባ ታማሚ ተኝቶበት ነበር። «ምስጢሩ የእርሳቸው ነው። እግሩም የእርሳቸው ነው። ሲፈልጉ ያሳዩታል» አለችኝና ወደ ታማሚዎቿ ተመለሰች።

ይህንኑ ለአስራት ብነግረው፣ «ካህን ስለ ራሱ ሥጋ በአደባባይ ይናገራል እንዴ የኔታ?» አለኝ። እኔም ተናገር አላልሁትም፤ አትናገርም አላልሁትም። ደክሞኝ ነበር።

ጸሎተ ሐሙስ እንደገና ደረሰ። አለቃው ውሃውን ባርከው ከአስራት ፊት ሲደርሱ፣ እርሱ ፋሻውን ፈትቶ ያበጠውን እግሩን በሳፋው ውስጥ አኖረ። አለቃው ሲያጥቡት እጃቸው ጣቱ በጎደለው ሥፍራ ላይ ቆመ። አስራት ያን ጊዜ «አባታችን፣ ይፍቱኝ፤ አንድ ቃል ልናገር» አላቸው። እርሳቸውም ፈቀዱለት። እግሩን ከሳፋው አውጥቶ ውስጡን ወደ ሕዝቡ አዞረ።

«በብሽሽቴ ላይ እባጭ ወጥቶብኝ እንደ ነበረ ሰምታችኋል። እውነት ነው» አለ። ዲያቆናቱ አንገታቸውን ደፉ፤ ከሴቶቹ በኩል ጉርምርምታ ተነሣ። «የመጣው ከዚህ ነው። እዚህ ላይ ጥቁር ነገር ነበረኝ፤ እሾህ ነው ብዬ ለወራት ቆፈርሁት። ብሽሽቴንም አፍሬ ደበቅሁት፣ አስተኮስሁት። ቀድሜ እግሬን ባሳይ ኖሮ ጣቴ ብቻ ይቆረጥ ነበር። አሁን የሚሆነውን እግዚአብሔር ያውቃል። እናንተ ስለ እኔ ያላችሁትን እግዚአብሔር ይፍታችሁ። ዛሬ ግን ቤታችሁ ስትገቡ እርስ በርሳችሁ የእግራችሁን ውስጥ ተያዩ። ጥቁር ያገኘ፣ ድንጋይ የዳሰሰ፣ እንዳያፍር።»

አለቃው ማበሻውን ከእጄ ወስደው እግሩን ራሳቸው አደረቁት፤ ጎንበስ ብለውም ጣቱ የነበረበትን ሥፍራ ሳሙት። ከዚያ በኋላ ይጣራ ያለ ሰው የለም።

በሽታው ከበሩ አልፎ ኖሮ አስራት ከዚያ ወዲያ ብዙ አልቆየም። እስከ መጨረሻው ግን መስቀሉን ያልተሳለመ ሰው አልነበረም። ከድጃም አርጅታ ጡረታ ወጣች፤ አሁን ደግሞ ሄደች። እኔ ስለ እርሷ ሳስብ የሚመጣብኝ ግን የሁለቱም ሞት አይደለም፤ አስራት እግሩን ለሕዝቡ ባሳየበት ዓመት የፋሲካ ማግሥት፣ ሰኞ ጠዋት ነው።

ጤና ጣቢያው አጠገብ ሳልፍ ግቢው በሰው ተሞልቶ አየሁ። የበዓል ልብሳቸውን የለበሱ ገበሬዎች፣ ባልቴቶች፣ ነጭ የጠመጠሙ ቀሳውስት ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው ተሰልፈዋል። ከእነርሱ መካከል ኮፍያ ያደረጉ የቆላ ሽማግሌ ነበሩ። አንዱ «አባባ፣ እርስዎ ደግሞ በቤተ ክርስቲያን በተነገረው ምን አገባዎት?» ሲላቸው «ሙስሊም ብሆንም እግር አለኝ! በቀን አምስት ጊዜ አጥበዋለሁ እንጂ ውስጡን መች አየሁት!» አሉት፤ ሰልፉ ሁሉ ሣቀ።

ከድጃ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ስታየኝ «የኔታ፣ ምን ብላችሁ ነው የሰደዳችኋቸው? ይህን ሁሉ እግር ማን ሊያየው ነው?» አለችኝ። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣም ደስታም አልነበረም፤ ድካም ብቻ። ከዚያ በርጩማዋን ስባ ተቀመጠች፣ መነጽሯን አደረገች፣ ሳፋውን በእግሯ ገፋ አደረገች። አስራት ከጥላው ሥር ተነሥቶ እያነከሰ መጣና የውሃውን ጆግ ከመሬት አነሣ።

«ቄስ፣ መቆም ለእግርዎ አይሆንም። ይቀመጡ» አለችው።

«ሰልፉ ሲያልቅ እቀመጣለሁ።»

«እንዲያ ከሆነ ቶሎ ያፍስሱ» አለችና፣ ከፊቷ የቆመውን ገበሬ ቀና ብላ ሳታይ «እግርህን» አለችው።

አስራት ውሃውን አፈሰሰ።